ኤቪታ ትወናውን መቼ ተወችው?

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ባለው መድረካችን የጀመርኩትን ውይይት፣ የከፈትኩት ቅዳሜ ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ስልኬም ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ለጥፌ ተኛሁ። እሁድ ማታ ላይ መልሱ 34 ደርሶ ክሩ ተዘጋ። ሳያነቡት የቀሩ ሰዎች ምን ተባለ እያሉ ስለጠየቁኝ በተራ ልንገራችሁ።

ዋናው ጽሑፍ

የጻፍኩት ኤቪታ ስለሚሏት ስለ አርጀንቲናዋ ኤቫ ፔሮን ነው። ከሬዲዮ ተዋናይነት ተነስታ የፕሬዚዳንት ሚስት የሆነችው፣ ከዚያም ራሷ ፖለቲከኛ የወጣችው። ሰው ሁሉ ትወናውን ትታ ፖለቲካ ገባች ይላል። እኔ ደግሞ ይዛው ነው የገባችው ባይ ነኝ።

የተወለደችው በ1919 ሎስ ቶልዶስ በምትባል የገጠር ከተማ ነው። እናቷ ልብስ እየሰፋች አምስት ልጆች አሳደገች። አባቷ ሁዋን ዱዋርቴ ቺቪልኮይ ውስጥ በሕግ የተጋባት ሌላ ሚስትና ሌላ ቤተሰብ ነበረው። ኤቫ በ15 ዓመቷ፣ በ1935 መጀመሪያ፣ ተዋናይ ልሁን ብላ ቦነስ አይረስ ገባች። መድረክ ላይ ጥቃቅን ቦታ፣ ፊልም ውስጥ ብቅ ጥልቅ፣ በመጨረሻ ሬዲዮ። ከ1943 ጀምሮ በሬዲዮ ቤልግራኖ የታላላቅ ሴቶችን ታሪክ በተከታታይ ድራማ ትጫወት ነበር። አንድ ሰሞን የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ትሆናለች፣ ሌላ ሰሞን የሩሲያዋ ታላቋ ካትሪን።

ጃንዋሪ 1944 ላይ ሳን ሁዋን ከተማን የመሬት መንቀጥቀጥ አወደማት። 10 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ለተጎጂዎች ሉና ፓርክ በተባለው አዳራሽ የእርዳታ ዝግጅት ተደረገ፣ አርቲስቱ ሁሉ ተጠራ። ከኮሎኔል ሁዋን ፔሮን ጋር የተዋወቀችው እዚያ ነው። በ1945 ተጋቡ። በ1946 ፕሬዚዳንት ሆነ። እሷም ሰባት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አገሩን አነቃንቃ በ33 ዓመቷ ሞተች። ጥያቄዬ ይኸው ነበር፦ ማይክራፎኑን ከእጇ አስቀምጣው ታውቃለች ወይ?

መልሶቹ

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ሰውየው እጅግ አመስግኖኝ ሲያበቃ ሁለት ነገር ጠየቀ። ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ነው የፈረንጅ? ደግሞስ የፕሬዚዳንት ባለቤትን እሷ እያሉ መጻፍ ነውር አይሆንም ወይ?

መልስ 2 የመጀመሪያውን ቆጥሮ መለሰለት። ሁሉም የፈረንጅ ነው። የሞተችው ጁላይ 26 ቀን 1952 ሲሆን በእኛ ሐምሌ 19 ቀን 1944 ይሆናል፤ የቁልቢ ገብርኤል ዕለት መሆኑ ነው። ሰዓቱንም ጨመረበት። እነሱ 20፡25 የሚሉት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ25 ነው። ከዚያ በኋላ የአርጀንቲና ሬዲዮ በየምሽቱ በዚያች ደቂቃ ፕሮግራሙን እያቋረጠ ያስታውሳት እንደነበርም ነገረን። እኔ ለክርክሬ ልጠቀምበት የሚገባኝን ነገር እሱ ቀደመኝ።

ስለ አንቱታው በመልስ 3 የተናገርኩት እኔ ነኝ። በ33 ዓመቷ የሞተችን ልጅ እሳቸው ማለት ከበደኝ አልኩ። ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ኤቪታ ነበር የሚላት። ኤቫ ማለት የእኛ ሔዋን ነው፤ ኤቪታ ሲሉ ሔዋንዬ እንደ ማለት ነው። ሔዋንዬን ማን አንቱ ይላል?

በመልስ 4 ጉዱ ጀመረ። አንዱ መጥቶ ርዕሱን አሳንሰህ ጻፍከው አለኝ። በእሱ አባባል ኤቫ የባሏን ሥልጣን ወርሳ አገር የመራች የዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ናት። በልበ ሙሉነት ነው የጻፈው፣ ሦስት ቃለ አጋኖ ደርድሮ።

መልስ 5 አላስተረፈውም። ጸሐፊው የታሪክ መምህር ይመስለኛል፤ በኋላም ሰው ሁሉ መምህሩ ይለው ጀመር። ያቺኛዋ ኢሳቤል ናት ሲል አረመው፣ የፔሮን ሦስተኛ ሚስት። እሷም ከመድረክ የመጣች ናት፣ ዳንሰኛ ነበረች። ምክትል ፕሬዚዳንት ሆና ባሏ በ1974 ሲሞት ወንበሩን ያዘች፣ በማርች 1976 ወታደሩ አወረዳት። ኤቫ ግን በምርጫ የተያዘ የመንግሥት ሥልጣን ኖሯት አያውቅም። ለምክትልነት በእጩነት ልትቀርብ ግን ጫፍ ደርሳ ነበር። ኦገስት 22 ቀን 1951 በቦነስ አይረሱ ሰፊ ጎዳና ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ እሺ በይ ብሎ ለመናት፣ እሷም ጊዜ ስጡኝ ብላ መልሳ ለመነች። ሠራዊቱ ግን ሴት ያውም እሷ የበላዩ እንድትሆን አልፈለገም። በዘጠነኛው ቀን አልወዳደርም አለች። ባለ 4 ቁጥሩ በመልስ 6 ተመልሶ ፊልም ላይ ያየሁት እንደዚያ አይደለም አለና ጠፋ።

አሁን ወደ መራራው። መልስ 7 ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ከዲቃላ ምን ይጠበቃል፣ በአልጋ የገባች በአልጋ ወጣች የሚል ይዘት አለው። ቃሉን ራሱን ነው የጻፈው።

መልስ 8 ከአንዲት በዕድሜ ከፍ ካሉ ሴት መጣ። እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ናቸው። መቆጣታቸውን በትሕትና ሸፍነውት ነበር፤ ግን ያንን ትሕትና ከስድብ በላይ ነው የምፈራው። ልጄ ብለው ጀመሩ። ከዚያ የ1926ቱን ቀብር ተረኩለት። አባትየው በመኪና አደጋ ሞተ። እናትየው አምስቱን ልጆች ጥቁር አልብሳ ወደ ቺቪልኮይ ወሰደች። እንደሚተረከው ከሆነ የሕጋዊቷ ሚስት ቤተሰብ አላስገባም ብሎ በር ላይ አቆማቸው። ሰው ገብቶ ካማለደ በኋላ አስከሬኑን ስመው ከሬሳው ኋላ እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ኤቫ ስድስት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። የክርስትና መዝገቧ ላይ የተጻፈው የአባቷ ስም አይደለም፣ ኢባርጉረን የሚለው የእናቷ የቤተሰብ ስም ነው። በ1945 ልታገባ ስትል ዱዋርቴ የሚል የልደት ወረቀት በሐሰት ተሠራላት፣ ዕድሜዋም በሦስት ዓመት ተቀነሰ። እትዬ ጥያቄ ጠይቀው ነው ያበቁት። በሕይወት ዘመናቸው በር ላይ የቆመ ሕፃን አይተው ያውቁ እንደሆነ ባለ 7 ቁጥሩን ጠየቁት። አልመለሰላቸውም።

ከዚያ መልስ 9። ክሩ ስለ ክር የሆነው እዚህ ላይ ነው። ቤይሩት ቤት ሠራተኛ ሆና የቆየችና አሁን አዲስ አበባ የተመለሰች እህት ናት። ኤቫ በ1948 ባቋቋመችው ድርጅት አማካይነት ለድሃ ሴቶች የስፌት መኪና ታድል እንደነበር አንብባ የራሷን እናት ታሪክ ጻፈች። እናቷ በእግር የሚረገጥ ሲንገር ነበራት፣ ከጎረቤት በዱቤ የተገዛ። ልጆቹ የሚተኙት በመኪናው ድምፅ ነው። ድምፁ ሲቆም ይነቃሉ፤ ክር አልቋል ወይም ገንዘብ አልቋል ማለት ነው። የቤይሩት ደሞዟን መጀመሪያ ያዋለችው ለእናቷ በመብራት የሚሠራ መኪና ለመግዛት ነበር። እናቷ ግን በአሮጌዋ መርገጧን አልተወችም፤ አዲሷ ዳንቴል ለብሳ ተቀምጣለች።

ይህቺ መልስ ከሁሉም ብዙ ላይክ አገኘች። እኔንም ወደ ሎስ ቶልዶስ መለሰችኝ። የኤቫም እናት መኪና ረጋጭ ነበረች። ስጦታው ከምን እንደመጣ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

መልስ 10 ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ መጣ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ነው። የማን ገንዘብ ነው የታደለው ሲል ጠየቀ። ከ1950 ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት የሁለት ቀን ደሞዝ ለድርጅቷ ይቆረጥ ነበር፤ የሜይ 1 እና የኦክቶበር 12። ኩባንያዎችም በፈቃዳቸው እየተባለ ይሰጣሉ፣ እምቢ ያለው ላይ ተቆጣጣሪ ይላካል። ለጋስ መሆን በሌላ ሰው ኪስ ቀላል ነው ባይ ነው።

ከ11 እስከ 15 ያለው ዱላ ቀረሽ ነበር። ሁሉንም አልዘረዝርም። አንዷ ሆስፒታሉን፣ የአረጋውያኑን መኖሪያ፣ ከገጠር ለመጡ ሠራተኛ ሴቶች የተሠራውን ማደሪያ ጠራችበት። ሌላው በ1951 ላ ፕሬንሳ ጋዜጣ ተወርሶ ለሠራተኛ ማኅበሩ መሰጠቱን አመጣ። 13 ላይ የወረፋው ወሬ መጣ፤ ከሰዓት በኋላ በሥራ ሚኒስቴሩ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጣ ሰው በሰው እያስገባች ታነጋግራለች። አንዱ አልጋ ይፈልጋል፣ አንዷ ቤት፣ አንዱ ሰው ሠራሽ ጥርስ። በእጇ ያለው ብር ሲያልቅ አጠገቧ የቆሙትን ባለሥልጣናት አውጡ ትላለች። በሽተኛውን አቅፋ ትስማለች። 14 ይህ ትያትር ነው አለ፣ 15 ደግሞ ጥርሱ ትያትር አይደለም አለችው። እኔ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል፤ ክሩን የከፈትኩት ለዚሁ ነው።

መልስ 16 ላይ መምህሩ ሊያርመኝ መጣ። እኔ በአስተያየት መስጫው ላይ ለአርጀንቲና ሴቶች የመምረጥ መብት ያመጣች እሷ ናት ብዬ ነበር። አልተቀበለኝም። ሁሊዬታ ላንቴሪ የተባለች ሐኪም በ1911 በቦነስ አይረስ ማዘጋጃ ቤት ምርጫ ድምፅ ሰጥታለች። በ1932 የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉን አጽድቆት ሴኔቱ ላይ ቀረ። አሊሲያ ሞሬው የተባለችው ሶሻሊስት ሐኪም ደግሞ ለዚህ መብት ስትታገል ኤቫ ገና ልጅ ነበረች። ኤቫ ያደረገችው የፓርላማውን በር መግፋት ነው፤ ሕጉም በሴፕቴምበር 1947 ወጣ። ቀጥሎ ግን ራሱ መምህሩ ሚዛኑን አስተካከለ። በ1949 የሴቶች ፓርቲ አቋቁማ ሴቶችን በየሰፈሩ ያደራጀች እሷ ናት፤ በ1951ዱ ምርጫ 23 ሴቶች ለተወካዮች ምክር ቤት፣ 6 ለሴኔት ገቡ። ተቀበልኩት። ሲታረሙ ደስ የሚል ሰው የለም፣ ግን እንዲህ ከሆነ ይሁን።

17 ሐሜት ነው፣ እሱም ይወራ። ኤቫ በሠራችው አንድ ፊልም ላይ ዋናዋ ዘፋኝና ተዋናይት ሊበርታድ ላማርኬ በጥፊ አጩላታለች የሚባል ወሬ አለ። ምክንያቱ ኤቫ አርፍዳ እየመጣች ሁሉን ማስጠበቋ ነው። ላማርኬ ዕድሜ ልኳን ጥፊውን ክዳለች። ብቻ ፔሮን ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኑሮዋ ሜክሲኮ ሆነ። መልስ 18 በዚያው ፊልም ምክንያት ኤቫ ጥቁር ፀጉሯን ቢጫ ቀለም መቀባቷን አስታወሰን። ፊልሙ አለቀ፣ ቀለሙ ግን አብሯት ቀረ። ለእኔ ክርክር ከዚህ የተሻለ ምስክር አልመጣም።

ከዚያ ኳስ። አርጀንቲና ተብሎ ኳስ ሳይነሳ እንዴት ይታደራል? መልስ 19 ማራዶናን ጠራ፣ 20 ሜሲን፣ 21 እና 22 ተሰዳደቡ፣ 23 ላይ አድሚኑ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። ለካ ነገሩ ከርዕሱ ብዙም አልራቀም ነበር። መልስ 24 የእግር ኳስ አሠልጣኝ ነኝ ያለ ልጅ ነው። በኤቪታ ስም የሕፃናት የኳስ ውድድር እንደነበር ነገረን። ማንም ሕፃን ከመጫወቱ በፊት በሐኪም መታየት ነበረበት፤ ለብዙዎቹ የመጀመሪያቸው የሐኪም ምርመራ ያ ነው። ውድድሩ ቆይቶ በ1970ዎቹ ሲነሳ ትንሹ ማራዶናም ተጫውቶበታል። ሐኪም ቤት አልሄድ ያለን ልጅ በኳስ አታሎ መውሰድ። እኔም ይቺን ዘዴ በወንድሜ ልጅ ላይ ልሞክራት ነው።

መልስ 25 ናዚዎችን አመጣ። አይኽማንና ሜንገሌ በፔሮን ዘመን አርጀንቲና መግባታቸው እውነት ነው። ከዚያ ግን ሰውየው በ1947 በአውሮፓ ጉዞዋ የናዚ ወርቅ ስዊዘርላንድ ባንክ አስቀምጣለች ብሎ ጨመረ። መልስ 26 ማስረጃ አምጣ ብቻ አለው። አላመጣም። በዚያ ጉዞ በስፔን ፍራንኮ ኒሻን እንደሸለማት፣ ከሮማው ሊቀ ጳጳስ ጋር እንደተገናኘች ግን የታወቀ ነው። ለፍራንኮው ኒሻን መከላከያ የለኝም።

መልስ 27 የጻፈው ሚላኖ ውስጥ የሚኖር ወገናችን ነው። ሙሶኮ የሚባለው ትልቁ መቃብር በሥራው መንገድ ላይ ነው። ለዓመታት በትራም አጠገቡ ሲያልፍ የማያውቀውን ነገረን። በ1955 ፔሮን ሲገለበጥ ወታደሮቹ የኤቫን የደረቀ አስከሬን ሰረቁት። አንድ ስፔናዊ ሐኪም መድኃኒት ቀብቶ እንደ አሻንጉሊት አድርጎት ነበር። አዲሶቹ ገዢዎች ሬሳውን ፈሩ፤ ሕዝብ እንዳይሰበሰብበት ከቦታ ቦታ አዟዟሩት። በ1957 ማሪያ ማጂ በሚል የውሸት ስም ሚላኖ ቀበሩት። 14 ዓመት እዚያ ተኛች። በ1971 አውጥተው ስደት ላይ ለነበረው ለፔሮን ማድሪድ ድረስ ሰጡት። ሰውየው ከሰው አገር ሞቶ በራስ ስም አለመቀበር ሆዱን እንዳባባው ጻፈ። ስለ ራሱ መሆኑ ለሁላችንም ገብቶናል፤ ማንም አልቀለደም።

መልስ 28 ነርስ ናት። አጻጻፏ ደረቅ ነው፤ ክሩን ጸጥ ያደረገው ግን እሱ ነው። በሽታው የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ለኤቫ አልተነገራትም። በኖቬምበር 1951 ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ከኒውዮርክ የመጣ ሐኪም ነው፤ ሲያደነዝዟት ጠብቆ ነው የገባው፣ እሷም አላየችውም። ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠችው ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ነው። የፔሮን የመጀመሪያ ሚስትም በ1938 በማህፀን ካንሰር ነው የሞተችው። ነርሷ ሐሜት አላደረገችውም። በሽታውን በአብዛኛው የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን፣ ያኔ ይህ እንደማይታወቅ፣ ዛሬ ክትባት እንዳለውና በእኛም አገር ከ2018 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት መጀመሩን አስረዳች። ሴት ልጅ ያላችሁ ጠይቁ አለች።

29 አንጎሏን ቀደዋታል የሚለውን ወሬ ሊያነሳ ሞከረ። ነርሷ ያልተረጋገጠ ነገር ነው ብላ በአንድ መስመር ዘጋችው።

በመልስ 30 የሒሳብ ባለሙያው ተመለሰ። አቋሙን አልለወጠም፣ ድምፁ ግን ወርዷል። ቁጥሩ ቁጥር ነው፣ ሆኖም ለሕመምተኛዋ ሳይነግሩ መቅረት ዝርፊያ ነው አለ። ከመልስ 10 ጋር ያለውን ዝምድና ፈልጌ አጣሁት፤ ዝም ብዬ ላይክ አደረግኩ።

31 እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ግምቴን ትንሽ አሻሻልኩት። እጩነቱን የተወችው የት ነው? ሕዝቡ ፊት አይደለም። ጎዳናው ላይ አፏ እምቢ ማለት አቅቶት ነበር። ኦገስት 31 ሬዲዮ ጣቢያ ገብታ በማይክራፎን ተናገረችው፣ በለመደችው ቦታ። ለዓመታት ሌሎች የጻፉላትን የንግሥቶች ሞት በድምፅ ስትጫወት ኖራ የራሷ ሞት ሲመጣ ግን ጽሑፉን ደበቁባት።

መልስ 32 አንድ ልጅ ዘው ብሎ ማዶና የሠራቻት ሴትዮ ናት ወይ አለ። 31 መልስ ሳያነብ! አዎ፣ እሷው ናት።

መልስ 33 ጡረታ የወጣ መርከበኛ ነው። ከዓመታት በፊት መርከባቸው ቦነስ አይረስ ቆማ ሳለ ሬኮሌታ የተባለውን፣ አስከሬኗ ከማድሪድ ተመልሶ በመጨረሻ ያረፈበትን መቃብር አይቷል። የጄኔራሎችና የፕሬዚዳንቶች ሐውልት በሰፊው መንገድ ግራና ቀኝ ተገትሯል። የእሷን ለማግኘት ሁለቴ ጠፍቶበት አንድ የጽዳት ሠራተኛ በጣቱ አሳየው። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሰው አጠገብ ለአጠገብ መቆም አይችልም። የብረት በሩ ላይ አበባ ተሰክቷል፣ ግማሹ ትኩስ ግማሹ የደረቀ። ከላይ የተጻፈው ፔሮን አይደለም። የዱዋርቴ ቤተሰብ ነው የሚለው። መርከበኛው የዚያ በር የከለከላት ቤተሰብ መቃብር መስሎት ተገርሞ ነበር። አይደለም፤ የእናቷና የወንድም እህቶቿ ነው። ስሙን ያጻፉት እነሱ ናቸው።

34 የአድሚኑ ነው፣ ክሩ ተዘግቷል የሚል። ከመዘጋቱ በፊት ወደ ላይ ወጥቼ መልስ 7ን አየሁት። ተስተካክሏል የሚል ምልክት ተለጥፎበታል። ያቺ ቃል የለችም፤ በቦታዋ የእናቷ ልጅ ይላል።